ዱዌን ጆንስ፦ በአንድ አስፈሪ ፊልም ብቻ የሚታወሰው መምህር

«ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የተሰኘው ጥቁርና ነጭ ፊልም በፔንስልቬንያ ገጠር፣ ከ120 ሺህ ባነሰ ዶላር ተሠርቶ እአአ በ1968 ለእይታ በቃ። መሪ ተዋናዩ ጥቁር አሜሪካዊው ዱዌን ጆንስ ነበር።

በድርሰቱ ቤን የተባለው ገጸ ባሕርይ ብዙም ያልተማረ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በፓሪስ ሶርቦን የተማረው ጆንስ ግን ንግግሩን ራሱ አርሞ ቤንን የረጋና አስተዋይ ሰው አደረገው። ጥቁር ሰው ነጮችን እያዘዘ የሚመራበት ፊልም በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ጋር ታግሎ የተረፈው ቤን፣ ንጋት ላይ በታጠቁ ነጮች ጥይት ይወድቃል። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉትም በዚያው ዓመት ነበር።

አከፋፋዩ የቅጂ መብት ማሳሰቢያውን ባለማስፈሩ ፊልሙ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ዛሬ በጅቡቲ ከተማም ሆነ በአዲስ አበባ ኢንተርኔት ያለው ሰው ቤቱ ተቀምጦ በነጻ ያየዋል። ጆንስ ግን በቤን ብቻ መታወቅን አልወደደም።

በ1973 በቢል ጋን «ጋንጃ ኤንድ ሄስ»፣ በጥንታዊ አፍሪካዊ ጩቤ ተወግቶ ደም የሚጠማውን ምሁር ተጫወተ። ከሁለቱ የበሰለው ይህ ቢሆንም፣ ፊልሙ ተቆራርጦ በሌላ ስም ወጣ።

ቀሪ ዘመኑን በአብዛኛው በማስተማርና በቴአትር አሳልፎ በ1988 አረፈ። በኒው ዮርክ፣ ባስተማረበት የኦልድ ዌስትበሪ ኮሌጅ አንድ አዳራሽ በስሙ ተሰይሟል።