ያለ መርከብ በባሕር ወለል የተራመደው ሰው
(የሀሩን ታዚዬፍ አጭር የሕይወት ታሪክ)

በዚህ ዓምድ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት በየጊዜው ስታነቡ ቆይታችኋል። ዛሬ ተራው የእኛ የቢቸናና የሞጣ ልጆች ስለሆነ፣ ስለ አንድ የእሳተ ገሞራ ተመራማሪ ልናጫውታችሁ ተነሥተናል። ሰውዬውን ለምን እንደመረጥነው ግን አስቀድመን መናገር አለብን፤ ነገሩ የጀመረው ከራሳችን ስሕተት ነውና።

ለማስተማር ልምምድ ቢቸና በነበርንበት ጊዜ አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ድንጋይ ይዞ መጣ። አጎቱ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ያመጣለት ነው። በድንጋዩ ላይ የዛጎል ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጁም ይህ የባሕር እንስሳ ከሆነ ደጋ አገር ምን ሊሠራ መጣ፣ ባሕሩስ የት ሄደ ብሎ ጠየቀን። እውነቱን ለመናገር አናውቅም ነበር። ክፍሉ ሙሉ ተማሪ እያየን አናውቅም ማለቱ ግን ከበደን። ድንጋይ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ቅርጽ ይዞ ይገኛል ብለን አለፍነው። ልጁ ድንጋዩን ኪሱ ከተተና ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያ ዝምታ እስካሁን ይቆረቁረናል።

ከልምምዱ ስንመለስ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ባሕርና ድንጋይ የሚሉትን ሁሉ ስናገላብጥ፣ በአገራችን በአፋር በረሃ የባሕር ወለል በእግሩ ስለረገጠ ሰው አነበብን። ይህ ሰው ሀሩን ታዚዬፍ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልን በስተቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀሩን ታዚዬፍ ግንቦት 11 ቀን 1914 ዋርሶ ከተማ ተወለደ። ዋርሶ ያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። አባቱ የታታር ተወላጅ ሐኪም ነበሩ፤ ልጃቸውን ሳያሳድጉ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞቱ። እናቱም ሕፃኑን ይዘው ከአገር አገር ከተንከራተቱ በኋላ ቤልጅየም ገቡ። ልጁ ያደገው እንግዲህ አባት የሌለው ስደተኛ ሆኖ ነው። የቤልጅየም ዜግነት ያገኘው በ1936፣ 22 ዓመት ሲሞላው ነበር።

በወጣትነቱ ቦክስና ራግቢ የሚወድ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። መጀመሪያ የተማረው እርሻ ነው፤ በ1938 ከዣምብሉ የእርሻ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጀርመኖች ቤልጅየምን ሲይዙ እርሱ ከአርበኞች ጋር በኅቡዕ እየታገለ፣ ጎን ለጎን በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምድር አጠና። በ1944 ሁለተኛውን ዲፕሎማ ያዘ። እኛ አንዱን ኮርስ ለመጨረስ ስንት ጊዜ እናማርራለን!

ጦርነቱ እንዳበቃ ወደ ኮንጎ ተሻግሮ በማዕድን ሥራ ተቀጠረ። እሳተ ገሞራ ገና ሙያው አልነበረም። በ1948 ግን በምሥራቅ ኮንጎ በኒያሙራጊራ ተራራ ጎን ኪቱሮ የተባለ አዲስ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አይተህ ና ተብሎ ተላከ። መሬት ተሰንጥቆ እሳት ሲተፋ፣ ቅልጥ አለቱ እንደ ወንዝ ጫካውን እያነደደ ሲወርድ በቅርብ ቆሞ ተመለከተ። ከዚያች ቀን ወዲያ ሌላ ሥራ አላሰኘውም። ለማየት የተላከ ሰው በዚያው ቀረ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ባሕሩ እንምጣ። እሳተ ገሞራ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ጫፉ የሚጨስ ተራራ ነው። ነገር ግን ከምድር ሆድ ከሚወጣው ቅልጥ አለት አብዛኛው የሚፈሰው ከባሕር በታች ነው። በውቅያኖሶች ወለል ላይ 65000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የእሳተ ገሞራ ተራሮች ሰንሰለት አለ። የምድር ቅርፊት እዚያ ላይ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ቅልጥ አለት ይወጣል፤ ውኃው ያቀዘቅዘውና አዲስ የባሕር ወለል ይሆናል። ችግሩ ማን ወርዶ ይየው ነው። ውኃው ሁለትና ሦስት ሺህ ሜትር ይጠልቃል፤ ጨለማ ነው፤ ክብደቱም ሰው ይጨፈልቃል።

በ1951 መጨረሻ ላይ ታዚዬፍ ይህን ከሚመረምሩ ሰዎች ጋር ተሳፈረ። መርከቧ ካሊፕሶ፣ መሪው ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ነበሩ። ካሊፕሶ በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ ትጠርግ የነበረች የእንጨት መርከብ ናት፤ ርዝመቷ ከ40 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ለምርምር ከታደሰች በኋላ የመጀመሪያ ትልቅ ጉዞዋ ወደ ቀይ ባሕር ነበር። ጠላቂዎቹ የአየር ጠርሙስ በጀርባቸው አዝለው ቢወርዱም ከጥቂት አሥር ሜትሮች አያልፉም። ከዚያ በታች ያለውን የሚነግራቸው የድምፅ መለኪያ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ወለሉን ነክቶ ሲመለስ ጊዜው ይቆጠራል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሄዶ ለመመለስ 4 ሰከንድ ከፈጀበት ጥልቀቱ 3000 ሜትር ነው ማለት ነው። (ይህችን ሒሳብ ለስምንተኛ ክፍል ብንሰጥስ?)

የቀይ ባሕር መካከል ከ2000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሸለቆ ነው። በ1960ዎቹ የመጡ ሌሎች የምርምር መርከቦች በዚሁ ሸለቆ ጉድጓዶች ውስጥ ከ50 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ፣ ብረታ ብረት ያዘለ ጨዋማ ውኃ አገኙ። ባሕሩ ከሥሩ እሳት እንዳለው ይህ አንዱ ምልክት ነው። ይሁን እንጂ በመርከብ ላይ ያለ ሰው የባሕሩን ወለል የሚያውቀው በድምፅና በገመድ ነው፤ ዓይነ ስውር በበትሩ መንገድ እንደሚያውቅ ማለት ነው። ታዚዬፍ ደግሞ ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል የሚባለው ዓይነት ሰው ነበር።

በ1957 በአትላንቲክ ውቅያኖስ በአዞርስ ደሴቶች አጠገብ ካፔሊንዮስ የተባለ እሳተ ገሞራ ከባሕር ውስጥ ሲፈነዳ እዚያ ደረሰ። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢደፋበት ምን እንደሚሆን እናቶቻችንን መጠየቅ ነው። ጭስ ብሎ ይጮኻል፤ ይሰነጠቃል። ቅልጥ አለትም ውኃ ሲነካው እንዲሁ ተሰባብሮ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይሆናል። ታዚዬፍ ይህን አይቶ ያዘ። ያየው ነገር ከአሥር ዓመት በኋላ በእኛ አገር ጠቀመው።

ወደ አፋር የዘመተው በ1967 መጨረሻ፣ በእኛ 1960 ዓ.ም. ነው። የፈረንሳይና የኢጣልያ የሥነ ምድር ሊቃውንት አብረውት ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ጆርጆ ማሪኔሊ፣ ፍራንኮ ባርቤሪና ዣክ ቫሬ ይገኛሉ። አገሩ ከምድራችን ሞቃት ቦታዎች አንዱ ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። እዚያ ኤርታሌ ላይ ወጥተው፣ በተራራው አፍ ውስጥ የሚንተከተክ የቅልጥ አለት ሐይቅ አጠኑ። እርግጥ የአፋር ሰዎች ተራራውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ስሙም በቋንቋቸው የሚጨስ ተራራ ማለት ነው። የእንግዶቹ ድርሻ መለካት፣ ካርታ ማንሣትና ማመሳከር ነበር።

ታዚዬፍና ጓደኞቹ በበረሃው ሲዘዋወሩ ደረቅ መሬት ላይ የባሕር ነገር አገኙ። ዛጎልና ኮራል አለ፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወፍር የጨው ክምችት አለ፤ በውኃ ውስጥ እንደ ትራስ ክብ ክብ ሆኖ የቀዘቀዘ ጥቁር ድንጋይ አለ። አናታቸው ጠፍጣፋ የሆነ ተራሮችም አሉ፤ አካላቸው ያ ካፔሊንዮስ ላይ ያየው የጠርሙስ ስባሪ የመሰለ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያሉ ጠፍጣፋ ተራሮች እስከዚያ ጊዜ ይታወቁ የነበሩት ከውቅያኖስ በታች ነበር። በ1970 ታዚዬፍ ከኢጣልያዊው ኤንሪኮ ቦናቲ ጋር ሆኖ ይህን ለዓለም ሊቃውንት በጽሑፍ አቀረበ። ነገሩ ሲጠቃለል፣ አፋር በመወለድ ላይ ያለ ውቅያኖስ ነው፤ ሌላው በመርከብ ሆኖ በገመድ የሚዳብሰውን እዚህ በእግር እየሄዱ በመዶሻ መምታት ይቻላል ማለት ነው።

ብዙዎች ወዲያው አልተቀበሉትም። ይሁን እንጂ በ1974 ፈረንሳዮችና አሜሪካኖች በትናንሽ የጥልቅ ባሕር ጀልባዎች ወደ አትላንቲክ መካከል 2700 ሜትር ያህል ሲወርዱ፣ ያንኑ እንደ ትራስ ያለ ድንጋይና ያንኑ የመሬት ስንጥቅ በዓይናቸው አዩ። በኋላ የመጡ ሊቃውንት አፋር ፈጽሞ የባሕር ወለል ሆኗል ከማለት ይልቅ፣ ከአህጉር ወደ ባሕር ወለል በመለወጥ ላይ ነው ይላሉ። የታዚዬፍ ሐሳብ እንግዲህ ታርሟል እንጂ አልተጣለም።

ከሁሉ የሚያስተምረን ግን የ1976ቱ ጉዳይ ነው። በካሪቢያን ባሕር በጉዋደሉፕ ደሴት ላ ሱፍሪዬር የተባለው እሳተ ገሞራ መጨስና መንጎድ ጀመረ። ባለ ሥልጣኖች ፈሩ። መፍራታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1902 በጎረቤት ደሴት በማርቲኒክ ሞን ፔሌ ፈንድቶ 28000 ያህል ሰው በደቂቃዎች ውስጥ አልቋል። ስለዚህ 70000 ያህል ሕዝብ ቤቱንና ማሳውን ትቶ እንዲወጣ ተደረገ። ታዚዬፍ ያን ጊዜ በፓሪስ የምድር ፊዚክስ ተቋም የእሳተ ገሞራ ክፍል ኃላፊ ነበር። ተራራውን መርምሮ፣ የሚወጣው እንፋሎትና አሮጌ ድንጋይ እንጂ አዲስ ቅልጥ አለት አይደለም፣ ሕዝቡን ማስወጣት አያስፈልግም አለ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንደገና ለማየት ከጓደኞቹ ጋር ጫፉ ላይ ሳሉ ተራራው ፈነዳባቸው፤ ድንጋይ እንደ በረዶ ወረደባቸው። ቆስሎ ወረደ። ሰው ሁሉ አሁንስ ሐሳቡን ይለውጣል ሲል፣ እርሱ የወደቀበትን ድንጋይ ዓይነት ተመልክቶ ቃሉን አልለወጠም።

በዚህ የተነሣ ከአለቆቹ ጋር ተጣልቶ ከኃላፊነቱ ተነሣ። የተፈራው ታላቅ ፍንዳታ ግን አልመጣም፤ ሕዝቡም ከወራት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኛ ስንወያይበት ሁለት ወገን ሆንን። ግማሾቻችን ሰባ ሺህ ነፍስ ባለበት ነገር መጠንቀቅ ይሻላል አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ያየውን የተናገረ ሰው መቀጣት የለበትም አልን። ክርክሩን አልጨረስነውም፤ ለእናንተ ትተነዋል።

ታዚዬፍ በ1971 የፈረንሳይን ዜግነት ወሰደ። ከ1984 እስከ 1986 በፈረንሳይ መንግሥት ውስጥ አደጋን አስቀድሞ ለመከላከል ኃላፊ ሚኒስትር ዴኤታ ሆኖ ሠራ። መጻሕፍት ጻፈ፤ ፊልሞች ሠራ። ስሕተትም አላጣም፤ በእርጅናው ዘመን የኦዞን መሳሳትን ጉዳይ ሲያጣጥል፣ ጊዜ የፈረደው ለተቃዋሚዎቹ ነው። የካቲት 2 ቀን 1998 በ83 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ከሞተም በኋላ አፋር ዝም አላለም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዳባሁ አካባቢ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መሥመር ተሰንጥቆ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታሌ በስተደቡብ ያለው ኃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ዖማን፣ ከዚያም አልፎ ህንድ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ለጎጃም ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። አያቶቻችን በባሶ ገበያ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌ ከዚያው ከአፋር ጨው የተቆረጠ ነው፤ ቀይ ባሕር ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ገብቶ የተወው ባሕር በቅሎ ተጭኖ ደጃችን ይመጣ ነበር ማለት ነው። ከሞጣም ከቢቸናም የምናየው ጮቄ ራሱ የዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። የዚያ ልጅ ድንጋይ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አገሩን በሸፈነ ሌላ ባሕር ሥር የተነጠፈ ነው። ባሕሩ ሸሸ፤ ወለሉ ድንጋይ ሆነ። ከብዙ ዘመን በኋላ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ በላዩ ፈሰሰበት፤ አገሩ ከፍ አለ፤ ዓባይም ቆርጦ ወርዶ የተቀበረውን ገለጠው። የልጁ ጥያቄ ትክክል ነበር። ዛጎሉ ወደ ደጋ አልወጣም፤ ባሕሩ ነው እዚያ የነበረው።

በሚቀጥለው ልምምድ ወደ ቢቸና እንመለሳለን። ተማሪው ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ይሆናል። ፈልገን አግኝተነው፣ በጓደኞቹ ፊት ተሳስተን እንደነበር እንነግረዋለን። ድንጋዩን ካልጣለው ደግሞ ለትምህርቱ እንዲያውሰን እንለምነዋለን።