የማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ሕይወት

ስመ ጥር የሆነችው የቢራቢሮ ተመራማሪ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1647 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደች። በሦስት ዓመቷ አባቷ ሞተባት፤ እንጀራ አባቷ ግን ሠዓሊ ነበረና ሥዕል አስተማራት።

በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ትል ከጭቃና ከብስባሽ ይፈጠራል ብሎ ያምን ነበር። እርሷ ግን በ13 ዓመቷ የሐር ትል እያሳደገች፣ ከእንቁላል ወጥቶ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ በዓይኗ ተከታተለች። ከዚያም ልዩ ልዩ አባጨጓሬዎችን እየመገበች፣ እያንዳንዱን ከሚበላው ቅጠል ጋር ሣለች። የመጀመሪያው የአባጨጓሬ መጽሐፏም በ1679 ዓ.ም. ታተመ።

በ1699 ዓ.ም.፣ በ52 ዓመቷ፣ ሥዕሎቿን ሸጣ ከታናሽ ልጇ ጋር በመርከብ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ ሱሪናም ተጓዘች። በዚያ በባርነት የተያዙ ሰዎች ስለ እጽዋቱ የሚያውቁትን ነገሯት። ሁለት ዓመት ያህል ከደከመች በኋላ ታማ ተመለሰች፤ ሆኖም በ1705 ዓ.ም. 60 ሥዕሎች ያሉበትን ታላቅ መጽሐፏን አሳተመች። በ1717 ዓ.ም. በአምስተርዳም ዐረፈች።

ውድ አንባቢያን፣ ከሥራዋ የምንማረው ቢራቢሮ ያለ ተክሉ እንደማይኖር ነው። በአገራችን በሎሚና በብርቱካን ቅጠል የሚያድግ አባጨጓሬ ጥቁርና ቢጫ ክንፍ ያለው ትልቅ ቢራቢሮ ይሆናል። በዱር ተክል ብቻ የሚያድጉት ግን ቁጥቋጦው ሲመነጠር አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ እኛ የፎንቆ ተማሪዎች አበባውን ብቻ ሳይሆን የአጥሩንና የወንዙን ዳር ቁጥቋጦም እንጠብቅ።