አባ ዳሚያን በሞሎካይ ደሴት

ለተራበ መመጽወት፥ ለታመመም ማዘን በብዙ ሰዎች ዘንድ የሚገኝ በጎ ጠባይ ነው። ሰው ሁሉ የሸሸውን ባዕድ ግን እንደ ወገን ቆጥሮ በአንድ ማዕድ መቅረብና ዕጣውን መካፈል የሚሆንላቸው ጥቂቶች ናቸው። ተማሪዎች ሆይ፤ በዚህ ምንባብ የሕይወት ታሪካቸው የሚቀርብላችሁ አባ ዳሚያን ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ልብ በሉ።

አባ ዳሚያን ጃንዋሪ 3 ቀን 1840 በቤልጂግ አገር ትሬሜሎ በምትባል መንደር ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ዮሴፍ ደ ቪውስተር ይባል ነበር። አባታቸው በእርሻና በእህል ንግድ የሚተዳደሩ ሰው ስለ ነበሩ ልጃቸው ንግዱን እንዲይዝላቸው ይመኙ ነበር። ዮሴፍ ግን የታላቅ ወንድማቸውን ፈለግ ተከትለው በ1859 ሉቨን ከተማ ወደሚገኝ ገዳም ገቡ፤ ዳሚያን የሚለውንም ስም በዚያ ተቀበሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታላቅ ወንድማቸው በሃዋይ ደሴቶች ወንጌል እንዲያስተምሩ ታዘው ለጉዞ ሲሰናዱ ታመሙ። ዳሚያንም ገና ቅስና ሳይቀበሉ በወንድማቸው ፈንታ ለመሄድ ለምነው ተፈቀደላቸው። በ1863 መጨረሻ በመርከብ ተሳፍረው ማርች 19 ቀን 1864 ሆኖሉሉ ገቡ፤ በዚያው ዓመትም ቅስና ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመታት በትልቁ የሃዋይ ደሴት እየተዘዋወሩ አስተማሩ፤ የሕዝቡንም ቋንቋ ለመዱ።

በዚያን ዘመን ሃዋይ የራሷ ንጉሥ የነበራት አገር ነበረች። ከባሕር ማዶ የገቡ በሽታዎች ሕዝቧን ክፉኛ ይጎዱት ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ የሥጋ ደዌ ነበር። ስለዚህ ንጉሥ ካሜሃሜሃ አምስተኛ በ1865 ሕሙማን ከጤነኞች ተለይተው እንዲኖሩ የሚያዝ ሕግ አወጡ። ከ1866 ጀምሮ ሕሙማኑ ሞሎካይ በምትባል ደሴት፥ ካላዋኦ ወደተባለ ስፍራ ተጋዙ። ስፍራው በሦስት ወገን በባሕር፥ በአራተኛው ወገን ደግሞ ቀጥ ባለ ረጅም ገደል የተከበበ በመሆኑ ከወኅኒ ቤት የሚለይ አልነበረም። እናት ከልጇ፥ ባልም ከሚስቱ ስለሚነጠል ሕዝቡ በሽታውን በቋንቋው የሚለያይ በሽታ ብሎ ጠራው። መንግሥት ሕሙማኑ አርሰው ራሳቸውን ይመግባሉ ብሎ ተስፋ ቢያደርግም ብዙዎቹ አቅም አልነበራቸውም። በመሆኑም ምግብ፥ ልብስ፥ መጠለያና ሐኪም ጎደላቸው።

በ1873 ጳጳሱ ካህን ለሌላቸው ለእነዚህ ሕሙማን ማን እንደሚሄድላቸው ካህናቱን ባማከሩ ጊዜ አራት ካህናት በየተራ ለማገልገል ፈቃደኛ ሆኑ። የመጀመሪያው ተረኛ አባ ዳሚያን ነበሩ። ሜይ 10 ቀን 1873 በ33 ዓመታቸው ካላዋኦ ደረሱ፤ ቤት ስላልነበራቸውም የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በአንድ ዛፍ ሥር አደሩ። ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ለተተኪያቸው መልቀቅ ይገባቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን በዚያው እንዲቀሩ ጠየቁ።

ሕሙማኑን እንዳይነኩ ተመክረው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቁስሉ ሽታ እጅግ ያስቸግራቸው ስለ ነበር ሽታውን ለመቋቋም ፒፓ ማጨስ ጀመሩ። ይሁን እንጂ ጌታ ለምጻሙን በእጁ ዳስሶ እንዳነጻው በወንጌል ያነበቡ ካህን፥ ከሩቅ ቆሞ መባረክ በቂ ሆኖ አልታያቸውም። ቁስል አጠቡ፤ አሰሩ፤ ከሕሙማኑ ጋር ከአንድ ገበታ በሉ። ቤት ሠሩ፤ ውኃ በቧንቧ እንዲመጣ አደረጉ፤ ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት መኖሪያ አቋቋሙ፤ የሬሳ ሣጥን በገዛ እጃቸው እየሠሩ ሙታንን በክብር ቀበሩ። ሕሙማኑም ተቀባዮች ብቻ አልነበሩም፤ አቅም ያላቸው አብረዋቸው ይሠሩ፥ በቤተ ክርስቲያንም ይዘምሩ ነበር። አባ ዳሚያን ግን ጉድለት የሌለባቸው ሰው እንደ ነበሩ አታስቡ። ቁጡና ግትር ስለ ነበሩ፥ ለሕሙማኑ የጎደለውን ሲጠይቁ ከጤና ሹማምንትና ከገዛ አለቆቻቸው ጋር ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋል።

በ1884 መጨረሻ አንድ ቀን እግራቸውን በጣም በሞቀ ውኃ ነከሩ፤ ቆዳቸው ቢቃጠልም ሕመም አልተሰማቸውም። በዚህም የሥጋ ደዌ እንደ ያዛቸው ተረዱ። ቀድሞ ጤነኛ ሳሉ ራሳቸውን ከሕሙማኑ እንደ አንዱ አድርገው ይቆጥሩ ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ በእውነት ሆነ። ቢሆንም ሥራቸውን አላቋረጡም። በ1886 ጆሴፍ ደተን፥ በ1888 ደግሞ እናት ማሪያን ኮፕና ሌሎች መነኮሳይያት ለእርዳታ መጡላቸው። ኤፕሪል 15 ቀን 1889 በ49 ዓመታቸው አረፉ፤ በመጡበት ሌሊት መጠለያ በሆናቸው በዚያው ዛፍ ሥርም ተቀበሩ። ከሞቱ በኋላ ስማቸውን ያጎደፉ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ካላዋኦን በዓይኑ ያየው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1890 ጽፎ ተከራከረላቸው። አፅማቸው በ1936 ወደ ቤልጂግ ተወሰደ፤ ቀኝ እጃቸው ግን በ1995 ወደ ሞሎካይ ተመለሰ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ2009 ቅዱስ ብላ ሰየመቻቸው።

ተማሪዎች ሆይ፤ አባ ዳሚያን ቢጠነቀቁ ኖሮ ዕድሜያቸው አይረዝምም ነበርን ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። እርሳቸው ሞሎካይ በገቡበት በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን የበሽታውን ተሐዋሲ አገኘ፤ ፈዋሽ መድኃኒት ግን ገና አልነበረም። ዛሬ የሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ በጊዜው የታከመ ሰውም አካሉ ሳይጎድል ይኖራል። 8,000 ያህል ሰዎችን ከወገኖቻቸው የለየው ሕግም በ1969 ተሽሯል። ነገር ግን የተጣለ ሰው ሰው መሆኑ እንዲታወቅለት የግድ መድኃኒቱ እስኪገኝ መጠበቅ ነበረበትን? አባ ዳሚያን ለዚህ የሰጡት መልስ አሥራ ስድስት የሕይወት ዘመናቸውን ነበር። እናንተስ በምትኖሩበት ስፍራ ሰው የሚሸሸው ማን ነው? ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ይህን በጥሞና አስቡ።