በባርኔጣ ሣጥን እርሾ የተሸከመው ጠማቂ

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1845 ነው። ከደቡብ ጀርመን፣ ከሙኒክ ከተማ የተነሣ አንድ ዴንማርካዊ መንገደኛ በፈረስ ሠረገላ ወደ ሰሜን ይገሰግሳል። ሠረገላው ፈረስ ሊቀይር በቆመ ቁጥር ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ለምግብና ለዕረፍት ይወርዳሉ። እርሱ ግን የባርኔጣ መያዣ ሣጥኑን አንሥቶ ቀዝቃዛ ውኃ ወዳለበት ይሄዳል። በሣጥኑ ውስጥ ባርኔጣ የለም። ያለው በሁለት ዕቃ የተሞላ የቢራ እርሾ ነው። እርሾው በመንገድ ላይ ከሞቀ ይሞታል፤ ከሞተ ደግሞ ያ ሁሉ ጉዞ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው እስከ ኮፐንሃገን ድረስ በየማረፊያው ዕቃዎቹን በቀዝቃዛ ውኃ እያበረደ ተጓዘ።

ይህ ሰው ያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን ይባላል። ዛሬ በዓለም ላይ የሚጠጣው አብዛኛው ቢራ የእርሱ ጠመቃ ቤት ባለ ውለታው ነው። ነገር ግን የዚህን ሰው ታሪክ ሊነገር የሚገባው ያደረገው ቢራው ብቻ አይደለም። ለውጭ ተፎካካሪዎቹ ትልቁን ምሥጢሩን በነጻ የሰጠ ሰው፣ ለገዛ ልጁ ግን የጠመቃ ቤቱን ስም እንኳ ለማካፈል የተቸገረ ሰው ነበር።

ያኮብሰን በ1811 በኮፐንሃገን ተወለደ። አባቱ ክርስተን ዩትላንድ ከተባለው የዴንማርክ ክፍል ከገበሬ ቤት ወጥቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ዋና ከተማዋ የገባ ነው። በጠመቃ ሥራ ተቀጥሮ፣ ቀስ በቀስ የራሱን ጠመቃ ቤት አቆመ። በዴንማርክ ጠማቂዎች ዘንድ የሙቀት መለኪያን ቀድመው ከተጠቀሙት አንዱ እንደነበርም ይነገርለታል። ያን ጊዜ ጠማቂ የውኃውን ሙቀት የሚያውቀው እጁን ነክሮ ስለነበር፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ልጁ ያኮብሰንም ከአባቱ ሙያውን፣ ከታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ከኧርስቴድ ትምህርቶች ደግሞ ሳይንስን ቀሰመ። አባቱ በ1835 ሲሞት ጠመቃ ቤቱ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ በነበረው በዚህ ወጣት እጅ ገባ።

በዚያ ዘመን ኮፐንሃገን የምትጠጣው ነጭ ቢራ የሚባል መጠጥ ነበር። በሙቀት የሚፈላ፣ እርሾው ከላይ አረፋ ሆኖ የሚንሳፈፍ፣ ቶሎ ደርሶ ቶሎ የሚጎመዝዝ መጠጥ ነው። ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ ቤት ሁሉ ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ጠላው በሦስተኛው ቀን ግሩም ይሆንና ሳምንት ሳይሞላው ሆምጣጤ ሆኖ ይገኛል። እንስራውን በግራዋ አጥበው በወይራ ጭስ የሚያጥኑ እናቶች ጠላው የሚበላሸው በማይታይ ነገር መሆኑን በልምድ ደርሰውበታል። የኮፐንሃገን ጠማቂዎች ግን ለዚህ ነገር ብዙም አልተጨነቁም፤ ቢራው ሲጎመዝዝ ሌላ ይጠምቃሉ።

በደቡብ ጀርመን በባቫሪያ የሚጠመቀው ቢራ ከዚህ የተለየ ነበር። እርሾው ከላይ አይንሳፈፍም፤ ከጋኑ ሥር ይዘቅጣል። የሚፈላው በብርድ ነው። ፍላቱ ካለቀ በኋላም ለወራት በቀዝቃዛ ምድር ቤት ይቀመጣል። ላገር የሚለው የዚህ ቢራ ስምም ከጀርመንኛ የመጣ ሲሆን ማከማቸት፣ ማቆየት ማለት ነው። በቆይታው ይጠራል፣ ይለሰልሳል፣ ለብዙ ጊዜም ሳይበላሽ ይቆያል። ያኮብሰን ይህን ቢራ ከቀመሰ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም። የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው በእናቱ የልብስ መቀቀያ ድስት ነው። ውጤቱ ተስፋ ቢሰጠውም ትክክለኛው እርሾ አልነበረውም። ስለዚህ ሙኒክ ድረስ ሄዶ፣ ስፓተን ከተባለው ጠመቃ ቤት ባለቤት ከጋብርኤል ዜድልማየር ዘንድ እርሾውን ይዞ ተመለሰ። የባርኔጣው ሣጥን ታሪክ ይህ ነው።

እርሾው በሕይወት ደረሰ። ቀጣዩ ችግር ብርድ ነበር። ማቀዝቀዣ ማሽን ባልነበረበት ዘመን ቢራን ለወራት ማብረድ የሚቻለው ጥልቅ ምድር ቤት ላለው ብቻ ነው። ያኮብሰን ከኮፐንሃገን የጦር ቅጥር ሥር ባሉት ክፍሎች እንዲያስቀምጥ ፈቃድ አገኘ። ቢራው ተወደደለት፤ ቦታው ግን ጠበበው።

ከከተማዋ ቅጥር ውጭ፣ ቫልቢ በተባለ ስፍራ ባለ ኮረብታ ላይ መሬት ገዛ። ኮረብታው ለምድር ቤት መቆፈሪያ ይመቻል፣ ውኃም አለው፤ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው የሀገሪቱ የመጀመሪያ የባቡር መስመርም በአጠገቡ ያልፋል። በኅዳር 1847 በዚያ የመጀመሪያው ቢራ ተጠመቀ። ለጠመቃ ቤቱም ስም ሲያወጣ፣ የአምስት ዓመቱን አንድ ልጁን የካርልን ስም ከኮረብታው ጋር አጋጠመ። ካርልስበርግ፣ የካርል ኮረብታ ማለት ነው። አባት ለልጁ ያን ያህል ፍቅር ነበረው። ይኸው ስም ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ሁለቱን እንደሚያጣላ ማን ያስብ ነበር?

ጠመቃ ቤቱ በፍጥነት አደገ። በ1867 በእሳት ቢቃጠልም እንደገና ተሠራ። ያኮብሰን በሀገሩ ምክር ቤት ተቀመጠ፤ በ1859 የተቃጠለውን የፍሬደሪክስቦርግ ቤተ መንግሥት ለማሳደስ ከኪሱ ከፈለ፣ በዚያም የሀገሪቱ ታሪክ ሙዚየም እንዲቋቋም አደረገ። ይህን ሁሉ ሌሎች ባለጸጎችም አድርገውታል። እርሱን ከሌሎቹ የሚለየው ቢራ የሚበላሽበትን ምክንያት ማወቅ አለብኝ ብሎ መነሣቱ ነው።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር መፍላት ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ሥራ መሆኑን ባሳየበት ዘመን፣ ብዙ ጠማቂዎች ነገሩን የሊቃውንት ወሬ አድርገው አለፉት። ያኮብሰን ግን በ1875 በጠመቃ ቤቱ ግቢ ቤተ ሙከራ ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት የካርልስበርግ ፋውንዴሽን የተባለውን ተቋም መሥርቶ፣ አስተዳደሩን ከዴንማርክ የሳይንስ አካዳሚ ለሚመረጡ ምሁራን ሰጠ። በመተዳደሪያውም ለነጋዴ እንግዳ የሆነ ደንብ አስገባ። ቤተ ሙከራው የሚያገኘው ጠቃሚ ውጤት ሁሉ ይታተማል እንጂ በምሥጢር አይያዝም። እንዲህ ያለውን ደንብ ለመጻፍ ብዙ አይከብድም፤ የሚከብደው ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር በእጅ ሲገባ መጠበቁ ነው።

ፈተናው ሳይዘገይ መጣ። በ1883 የካርልስበርግ ቢራ ታመመ። መጥፎ ምሬትና ደስ የማይል ሽታ ያዘው። ችግሩን እንዲፈልግ የተሰጠው በቤተ ሙከራው ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ነው። ሃንሰን ከድሃ ቤት ተወልዶ፣ የቤት ቀለም ቀቢ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ፣ ዘግይቶ ወደ ትምህርት የገባ ሰው ነበር። በዩኒቨርሲቲ የወርቅ ሜዳሊያ ያሸለመው ጥናት በከብት ፋንድያ ላይ ስለሚበቅሉ ፈንገሶች የተጻፈ ነው። ሌላው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን ነገር ጎንበስ ብሎ ማየት የለመደ ሰው ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነበር።

እስከዚያ ድረስ ቢራን የሚያበላሸው ባክቴሪያ ብቻ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። ሃንሰን በማይክሮስኮፕ አይቶ የደረሰበት ግን ሌላ ነው። ጠማቂዎች አንድ እርሾ የሚሉት የብዙ እርሾዎች ድብልቅ ነበር። ከመልካሙ ጋር ከአየርና ከፍራፍሬ ማሳ የመጣ ዱር በቀል እርሾ ገብቶበታል። ገበሬ ስንዴ ዘራሁ ብሎ እንክርዳድም አብሮ እንደሚዘራ ማለት ነው። ልዩነቱ እንክርዳድ በዓይን ታይቶ ሲነቀል፣ ይህኛው ግን አለመታየቱ ነው።

ሃንሰን መፍትሔውን ያገኘው በትዕግሥት ነው። እርሾውን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ አቀጠነው። በመጨረሻ በአንዷ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አንዲት ሕዋስ ብቻ እስክትቀር ድረስ አቀጠነው። ያቺን ሕዋስ መግቦ አራባት። ከአንዲት እናት የወጣው ዘር በሙሉ አንድ ዓይነት ስለሚሆን፣ ንጹሕ እርሾ ተገኘ። በዚያው በ1883 በካርልስበርግ ጋኖች ውስጥ ተጨምሮ ሲጠመቅበት ቢራው ተፈወሰ። ከዚያ በኋላ ጠማቂ የሚፈልገውን ጣዕም ዛሬም፣ ነገም፣ በሚቀጥለው ዓመትም ደግሞ ማግኘት ቻለ።

ይህ እርሾ በያኮብሰን እጅ ብቻ ቢቀር ኖሮ ሊያስገኝ የሚችለው ገንዘብ ግልጽ ነው። በየሀገሩ ያሉ ጠመቃ ቤቶች በተመሳሳይ ብልሽት ይከስሩ ነበር። ያኮብሰን ግን ደንቡን አላጠፈም። ዘዴው ታተመ፤ እርሾውም ለጠየቁት ጠመቃ ቤቶች ተሰጠ። በባርኔጣ ሣጥን ይዞት የመጣውን ስጦታ አጥርቶ ለጀርመኖቹም መለሰላቸው ማለት ይቻላል። ለዚያ እርሾ የወጣለት ሳይንሳዊ ስምም የጠመቃ ቤቱን ስም ይዟል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የካርልስበርግ ተመራማሪዎች በአሮጌው ምድር ቤት ከተገኘ የ1883 ጠርሙስ ውስጥ በሕይወት ያለ እርሾ አግኝተው፣ እንደገና ቢራ ጠምቀውበታል።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ቤተ ሙከራ፣ ዮሐን ኬልዳል የተባለው ባልደረባ በእህል ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን የሚለካበትን ዘዴ አወጣ። እህሉ በጠንካራ አሲድ ይቀቀላል፤ ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይለካል፤ ከዚያ የፕሮቲኑ መጠን ይሰላል። ጠማቂ ይህን የሚፈልገው ፕሮቲን የበዛበት ገብስ ቢራውን ስለሚያደፈርስና ከብቅሉ የሚገኘውን ስኳር ስለሚቀንስ ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ በኬልዳል ስም ይጠራል፤ የሌሎች የፕሮቲን መለኪያዎች ማመሳከሪያም ነው። በእኛም ሀገር ለአሰላና ለጎንደር ብቅል ፋብሪካዎች የቢራ ገብስ የሚያመርት ገበሬ፣ ማዳበሪያ ያለ ልክ ጨምሮ ፍሬው ቢያምርለትም ፕሮቲኑ ከመጠን ካለፈ ገብሱ ላይፈለግ ይችላል። የዚህ ጥያቄ ሥር ያለው በዚያ በቫልቢ ኮረብታ ላይ ነው።

ሳይንሱ እንዲህ ሲያብብ ቤቱ ግን ይፈርስ ነበር። ካርል በውጭ ሀገራት ጠመቃን ተምሮ ሲመለስ አባቱ በ1871 በዚያው ግቢ የተሠራ ሌላ ጠመቃ ቤት አከራየው። ልጁ ጎበዝ ነጋዴ ሆነ፤ ሽያጩም እየጨመረ ሄደ። ገበያው ሲፈልግ ቢራውን የሚያቆይበትን ጊዜ አሳጠረ። ለአባት ይህ ክህደት ነበር። ላገር ማለት ማቆየት ነው፤ ሳይቆይ የሚሸጥ ቢራ በእርሱ ዘንድ ላገር አይባልም። ለልጅ ደግሞ ገዢ ቆሞ እየጠበቀ በርሜል ቆልፎ መቀመጥ ሞኝነት ነበር። ሁለቱም የሚሉት እውነት ነበረው፤ ሁለቱም ግትሮች ነበሩ።

አባት ልጁን ከተከራየው ጠመቃ ቤት እንዲወጣ አደረገ። ልጅ እዚያው አጠገብ የራሱን አቆመ። ከዚያ በስሙ ተጣሉ። ካርል ከልጅነቱ ጀምሮ የተሰየመለትን ካርልስበርግ የሚለውን ስም እንዳይጠቀም አባቱ ተቃወመ። በመጨረሻ የአባት አሮጌ ካርልስበርግ፣ የልጅ አዲስ ካርልስበርግ ተባሉ። ጠቡ በመካከላቸው እስከሚያልፈው መንገድ ደረሰ። ለአንዱ መንገድ አባት አንድ ስም፣ ልጅ ሌላ ስም አውጥተው ሰሌዳ አቆሙ፤ የአገሩ ሰውም ሁለት ትልልቅ ባለጸጎች በሰሌዳ ሲፎካከሩ እያየ ሳቀ። ያኮብሰን ኑዛዜውን ጽፎ ጠመቃ ቤቱን ለፋውንዴሽኑ አወረሰ። በስሙ የተሰየመው ልጅ ከርስቱ ወጣ።

ለማያውቃቸው ጠማቂዎች እርሾ የሰጠው ሰው እንዲህ የጨከነው ለምንድን ነው? ምናልባት እርሾውን መስጠት ሥራውን ያሰፋዋል፤ ቢራውን ማጣደፍ ግን በእርሱ ዓይን የዕድሜውን ሥራ ያረክሰዋል። እንዲህም ሆኖ፣ ለአንድ በርሜል ቢራ ወራት የሚታገሠው አባት ለልጁ ያን ያህል አለመታገሡ ያሳዝናል።

እርቁ የመጣው በ1886 ነው፤ ዘገየ እንጂ አልቀረም። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ያኮብሰን በጣሊያን ጉዞ ላይ ሳለ ታመመና በሮም ከተማ በ75 ዓመቱ ዐረፈ። መኖሪያ ቤቱ በኑዛዜው መሠረት ለታላላቅ ምሁራን የክብር መኖሪያ ሆነ፤ የፊዚክስ ሊቁ ኒልስ ቦር ለረጅም ዘመን ኖሮበታል። በቤተ ሙከራውም በ1909 ሶረንሰን የተባለው ኬሚስት ዛሬ የአፈር ጎምዛዛነት የሚነገርበትን የፒኤች መለኪያ አወጣ።

ካርል ከአባቱ በኋላ 27 ዓመት ኖረ። ሀብቱን ለሥነ ጥበብ አዋለ፤ በኮፐንሃገን ወደብ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን ትንሿን የባሕር ልጅ ሐውልት ያሠራውም እርሱ ነው። በ1902 የራሱን ጠመቃ ቤት፣ አባቱ ርስቱን ወስዶ ለሰጠው ለዚያው ፋውንዴሽን በገዛ ፈቃዱ አስረከበ። በ1906 አሮጌውና አዲሱ ካርልስበርግ አንድ ሆኑ፤ ሥራ አስኪያጁም ካርል ሆነ።