ከዱላ ሌላ መንገድ የፈለገው የበርክሌይ ፖሊስ አዛዥ

የሕግ ትምህርት ቤት ተጠርጣሪን አስገድዶ ማናዘዝ ክልክል መሆኑን አስተምሮናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። ያልተማርነው አንድ ነገር አለ። መርማሪው ዱላውን ሲያስቀምጥ በምትኩ ምን ይያዝ? ለዚህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በተግባር መልስ የሰጠ ሰው ስለነበረ፣ ታሪኩን ለአንባቢያን ላካፍል ወደድኩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦገስት ቮልመር በ1876 በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። በፊሊፒንስ ዘምቶ ሲመለስ በካሊፎርኒያዋ ትንሽ ከተማ በበርክሌይ ፖስታ አዳይ ሆነ። በ1904 አንድ የጭነት ፉርጎ አምልጦ በቁልቁለት ወደ ተሳፋሪ ባቡር ሲምዘገዘግ፣ ዘሎ ወጥቶ በፍሬን አቆመው። በዚህ ዝናን አተረፈ። በ1905 ሕዝቡ የከተማው የጸጥታ ኃላፊ አድርጎ መረጠው፤ በ1909 ደግሞ የፖሊስ አዛዥ ተባለ።

ሥራውን የጀመረው ከአደረጃጀት ነው። ፖሊሶቹን በብስክሌት አሰማራቸው፤ በኋላም ሞተር ሳይክልና አውቶሞቢል ሰጣቸው። በየመንገዱ መገናኛ ቀይ መብራት አሰቀለ። ጣቢያው ሲፈልጋቸው መብራቱ ይበራል፤ ዘቡም በአቅራቢያው ካለው ስልክ ይደውላል። ወንጀሎች የት፣ መቼና እንዴት እንደተፈጸሙ ማስመዝገብ ያዘ። በ1908 የፖሊስ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1916 ደግሞ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የወንጀል ሳይንስ ትምህርት አስጀመረ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ሰው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በፖሊስነት ይቀጥር ነበር። ከነዚህ አንዱ በ1919 የተቀጠረው ጥቁሩ የሕግ ተማሪ ዋልተር ጎርደን ነው። ጎርደን በኋላ የፌዴራል ዳኛ ለመሆን በቅቷል።

ቮልመር ተጠርጣሪን መደብደብ ከለከለ። ክልከላው የሠራው መርማሪው በእጁ ሌላ መሣሪያ ስለነበረው ይመስለኛል፤ መዝገብ፣ አሻራ፣ ላቦራቶሪ። አርብ አርብ በሚደረገው ስብሰባም ተራው ፖሊስ አዛዡን ሳይቀር ፊት ለፊት መተቸት ይችል ነበር።

በ1921 ከፖሊሶቹ አንዱ የነበረው የፊዚዮሎጂ ምሁሩ ጆን ላርሰን፣ በቮልመር አይዞህ ባይነት የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ሠራ። ይህኛው መልስ ግን አላዋጣም። በ1923 በዋሽንግተን የተቀመጠ የይግባኝ ፍርድ ቤት የዚህ ዓይነቱን ምርመራ ውጤት በማስረጃነት አልቀበልም አለ። ላርሰን ራሱም ኋላ ላይ በመሣሪያው አጠቃቀም ክፉኛ ተማረረ።

በ1923 ትልቂቱ ሎስ አንጀለስ የፖሊስ ኃይሏን እንዲያስተካክል ጠራችው። በርክሌይ ላይ ከጀርባው የቆመ የከተማ አስተዳደር ነበረው። እዚያ ግን የጠበቀው ከፖለቲካና ከሙስና ጋር የተቆላለፈ ቤት ነበር። በ1924፣ በዓመቱ ለቆ ተመለሰ። በ1931 በእርሱ መሪነት ለፌዴራል መንግሥት የተዘጋጀው የፖሊስ ጥናትም ጣቱን የቀሰረው እዚሁ ላይ ነው፤ ፖለቲከኞች እንደፈለጉ የሚሾሙትና የሚሽሩት አዛዥ ሥራውን ሊሠራ አይችልም።

የቮልመር ውርስ ነቀፋ የለበትም ማለት አይቻልም። የዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች ከፊሊፒንስ ዘመቻ ያመጣው ወታደራዊ ስልት የአሜሪካን ፖሊስ ጦር ሠራዊት እንዲመስል መንገድ ጠርጓል ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው። መኪናውም፣ ሬዲዮውም፣ መዝገቡም ዜጋን ለመጠበቅ የሚያገለግሉትን ያህል ዜጋን ለማሳደድም ያገለግላሉ።

ቮልመር በ1932 ጡረታ ወጣ። በፓርኪንሰንና በካንሰር ሕመም ሲሰቃይ ቆይቶ በ1955፣ በ79 ዓመቱ ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ። ከሥራው እኔ የምወስደው ትምህርት ለሕግ አውጪውም ለበጀት መዳቢውም የሚሆን ነው፦ ማስገደድን የሚከለክል አንቀጽ ጸድቆ ላቦራቶሪው ካልተሠራ፣ መርማሪው ካልሠለጠነና አዛዡ ከሹም ሽር ካልተጠበቀ፣ ዱላው ከጓዳ ተመልሶ ይወጣል።