ስቲቨንሰን የተባሉ አባትና ልጅ

በእንግሊዝ አገር የቤተ ሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ይተላለፋል። ስቲቨንሰን የሚለውም ስም ትርጓሜው የእስጢፋኖስ ልጅ ማለት ነው። በዚህ ስም ከተጠሩት መካከል ጆርጅና ልጁ ሮበርት እጅግ የታወቁ ናቸው።

ጆርጅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1781 ዓመት ዋይላም በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ በድንጋይ ከሰል ጕድጓድ አጠገብ ውሃ ለሚስበው መኪና እሳት የሚያነድ ድኻ ሠራተኛ ነበረ። ስለዚህ ጆርጅ በልጅነቱ ላም ጠባቂ ሆነ እንጂ ትምህርት ቤት አልገባም። እስከ 18 ዓመቱም ድረስ ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር። ነገር ግን ለመማር አላፈረም፤ ቀን እየሠራ ማታ ማታ ወደ መምህር እየሄደ ንባብና ሒሳብ ተማረ።

ሚስቱ በ1806 ዓመት በሞተች ጊዜ ሮበርት ገና ሕፃን ነበረ። ጆርጅም እርሱን ያገኘው ችግር ልጁን እንዳያገኘው አስቦ፥ ከሥራው በኋላ ሰዓትና ጫማ እየጠገነ ገንዘብ አጠራቀመና ወደ ትምህርት ቤት ሰደደው። ልጁ ማታ ሲመለስ አባትና ልጅ አብረው ያጠኑ ነበር፤ አባትም ከልጁ መማርን እንደ ውርደት አልቈጠረውም።

በ1814 ዓመት ጆርጅ በእንፋሎት ኃይል ከሰል የሚጐትት ባቡር ሠራ። በጕድጓድ ውስጥ ያለው ክፉ አየር በመብራት እየተቀጣጠለ ብዙ ሠራተኞች ይሞቱ ነበርና፥ በ1815 ዓመት ይህን አደጋ የሚቀንስ ፋኖስ አበጀ።

በ1825 ዓመት ከሊቨርፑል እስከ ማንቸስተር ስለሚሠራው የባቡር መንገድ በሸንጎ ፊት ቆመ። ነገር ግን የመሬቱ ልኬት ስሕተት ተገኘበት፤ ጠበቆችም በጥያቄ አሳፈሩት፤ ሐሳቡም ሳይፈቀድ ቀረ። እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም። በሚከተለው ዓመት ፈቃድ ተገኘ፤ ሥራውም ተመልሶ ለእርሱ ተሰጠ። በ1829 ዓመት አባትና ልጅ ከረዳቶቻቸው ጋር ያዘጋጁት ሮኬት የተባለው ባቡር በውድድር አሸንፎ 500 ፓውንድ ተሸለመ፤ መንገዱም በ1830 ዓመት ተከፈተ።

ጆርጅ በ1848 ዓመት ሞተ። ሮበርትም ታላላቅ ድልድዮችን፥ በግብፅም ከእስክንድርያ ወደ ካይሮ የሚሄደውን የምድር ባቡር መንገድ አሠርቶ በ1859 ዓመት ዐረፈ።

ልጆች ሆይ፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ከእናንተ ጋር ተቀምጦ ፊደል ሲቈጥር ብታዩ አትሣቁበት፤ የምታውቁትንም አስረዱት። ስም ከአባት ይወረሳል፤ ዕውቀት ግን በትጋት ይገኛል።