ዋልተር ሩትማን፦ ሥዕልን ያንቀሳቀሰው ሠዓሊ

እ.ኤ.አ. በ1927 በርሊን ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው «በርሊን፦ የታላቅ ከተማ ሲምፎኒ» ዋና ተዋናይ የሌለው ፊልም ነበር። ባቡር በንጋት ወደ ከተማይቱ ይገባል፤ ባዶ ጎዳናዎች ይታያሉ፤ የፋብሪካ በሮች ተከፍተው ሠራተኛው ይጎርፋል፤ ቀኑ ሞቅ ብሎ ይውልና ይመሻል። ይህን የአንድ ቀን ውሎ እንደ ሙዚቃ ያቀናበረው ዋልተር ሩትማን ሥራውን የጀመረው በካሜራ ሳይሆን በብሩሽ ነው።

ሩትማን በ1887 በፍራንክፈርት ተወለደ። በዙሪክ ሥነ ሕንፃ፣ በሙኒክ ደግሞ ሥዕል ተማረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ መኮንንነት ወደ ምሥራቅ ግንባር ዘመተ፤ በዚያም መንፈሱ ታውኮ ለረጅም ሕክምና ተዳረገ። ከጦርነቱ በኋላ በሸራ ላይ የሚቆም ሥዕል አላረካውም፤ ቀለምና ቅርጽ በጊዜ ውስጥ እንዲንቀሳቀሱ ፈለገ።

መንገዱ አድካሚ ነበር። በመስታወት ላይ በዘይት ቀለም ይሥላል፤ አንዲት ምስል ያነሣል፤ ገና ያልደረቀውን ቀለም በጥቂቱ ይለውጥና ደግሞ ያነሣል። ለዚሁ ሥራ የነደፈው መሣሪያ በ1920 የፈጠራ መብት አገኘ። በ1921 በበርሊን የታየው «የብርሃን ጨዋታ፦ ኦፐስ አንድ» የዚህ ድካም ፍሬ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሰው የለም፤ ቤትም ዛፍም የለም። ክቦች፣ ማዕበሎችና ሹል ቅርጾች በእጅ በተቀባ ቀለም እየተሳደዱ ያልፋሉ፤ ማክስ ቡቲንግ የደረሰው ሙዚቃም ያጅባቸዋል።

በዓረቡ ዓለም ለሚኖር አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላው ሥራው ነው። ሎተ ራይኒገር ከሺህ ከአንድ ሌሊት ተረቶች ተነሥታ በተቆረጡ የጥላ ቅርጾች የሠራችው «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» በ1926 ለእይታ ሲበቃ፣ አስማቱን በእሳትና በጭስ ያሳየው ሩትማን ነበር። ተረቱ ግን ከዘመኑ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልታየውም፤ ለራይኒገርም ይህንኑ ጠይቋታል። ለዘመኑ ማደር ምን ሊያስከፍል እንደሚችል በኋላ ታይቷል።

የ«በርሊን»ን ሐሳብ ያመነጨው የፊልም ጸሐፊ ካርል ማየር በውጤቱ አልተደሰተም፤ ፊልሙ ከላይ ከላይ ብቻ የሚያይ ሆኖ አገኘው። ትችቱ መሠረት ነበረው። ድሃውና ባለጸጋው፣ ሰውና ማሽኑ ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ ሁሉም ለምቱ እኩል ያገለግላል። የሩትማን የድፍረት ፍለጋ ግን አልቆመም፤ በ1930 ምስል የሌለው፣ ድምፅ ብቻ የተቀረጸበት የአሥራ አንድ ደቂቃ ያህል «ፊልም» ሠራ።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ማየር ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ የቅርጽ ፊልሞችን ይሠራ የነበረው ኦስካር ፊሺንገርም በ1936 ወደ አሜሪካ ሄደ። ሩትማን ቀረ። ሌኒ ሪፈንሽታል በኑረምበርግ ስለተካሄደው የናዚ ጉባኤ ለምታዘጋጀው ፊልም ሠራ፤ ያዘጋጀው ክፍል ግን ከመጨረሻው ቅጂ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ለመንግሥትና ለኢንዱስትሪ ዘጋቢ ፊልሞችን አዘጋጀ። በ1940 የወጣው «የጀርመን ታንኮች» የጦር ተሽከርካሪ ከንድፍ እስከ ፍጻሜው እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። የብረቱና የማሽኑ ምት ከ«በርሊን» የተለመደው ነው፤ ያን ጊዜ ፋብሪካው ከተማይቱን ያንቀሳቅስ ነበር፣ አሁን ወረራን።

ሩትማን በሐምሌ 1941 በ53 ዓመቱ በርሊን ውስጥ ሞተ። ጀርመን በምሥራቅ በኩል ሶቪየት ኅብረትን ከወረረች ሦስት ሳምንት ያህል ሆኗት ነበር።